ሦስት የዶክትሬት ቅበላ ደርሶኛል፤ የቱን ልፈርም?

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ማስተርሴን ጨርሼ በፓወር ኤሌክትሮኒክስ (የኤሌክትሪክ ኃይልን በሚቀይሩና በሚቆጣጠሩ ሰርኪዩቶች) ዶክትሬት ለመሥራት አመልክቼ ነበር። ሦስት ቦታ ተቀብለውኛል። አንደኛው አሜሪካ የሚገኝ፣ ስሙን የማያውቅ ሰው የሌለ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ፌሎሺፕ ሰጥቶኛል፤ አማካሪ ግን ገና አልተመደበልኝም። ሁለተኛውም አሜሪካ ነው። በደረጃ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው በጣም ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን አንዲት ረዳት ፕሮፌሰር የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ላይ በሚሠሩት ፕሮጀክት በምርምር ረዳትነት ሊይዙኝ ፈልገዋል። ሦስተኛው ኔዘርላንድስ ነው፤ የ4 ዓመት የሥራ ውል ያለው፣ ከአንድ ኩባንያ ጋር በጋራ የሚሠራ ፕሮጀክት። ቤተሰቦቼም ጓደኞቼም «ይሄ ደግሞ ምን ያጠያይቃል፣ የመጀመሪያው ነው እንጂ» ይሉኛል። ወደፊት ዩኒቨርሲቲ ላስተምር ወይስ ኢንዱስትሪ ልግባ ገና አልቆረጥኩም። ለአሜሪካኖቹ መልስ መስጫው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። አቋሜን ላስቀድምና ምክንያቱን አስከትላለሁ። ዛሬ በእጅሽ ባለው መረጃ ብቻ ፈርሚ ብትባዪ ሦስተኛውን እመርጥልሻለሁ። ሁለተኛው ግን ከታች የማነሳቸውን ሁለት ጥያቄዎች በደንብ ከመለሰ ከሦስተኛው ይበልጥብኛል። የመጀመሪያውን የምመክርሽ አንድ ፕሮፌሰር በስሙ «ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የእኔ ተማሪ ነሽ፣ ወጪሽን እኔ እሸፍናለሁ» ብሎ ከጻፈልሽ ብቻ ነው። ቤተሰቦችሽ በዚህ እንደማይስማሙ ይገባኛል፤ እነሱ የያዙት ነጥብም ባዶ ስላልሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቅበላ ደብዳቤ ሲከፈት ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው አርማው ላይ ነው፤ ቀጥሎ የገንዘቡ መጠን ላይ። እኔ ቀድሜ የምፈልገው ገንዘቡ የማን እንደሆነ ነው። በምህንድስና ዶክትሬት ከፋዩ ብዙ ነገር ይወስናል፦ ምን ላይ እንደምትሠሪ፣ ለማን ሪፖርት እንደምታደርጊ፣ ርዕስ ወይም አማካሪ መቀየር ብትፈልጊ እንደምትችይ፣ መቼ እንደምትጨርሺ። በሥነ ጽሑፍ ወይም በታሪክ ዶክትሬት የሚሠራ ሰው ርዕሱን ይዞ ይመጣና አማካሪ ይፈልጋል። እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡና ርዕሱ ቀድመው ይገኙና ሰው ይፈለግላቸዋል።

በአሜሪካ ገንዘቡ በሦስት መንገድ ይመጣል። ፌሎሺፕ ያንቺ ነው፤ ማንም ፕሮፌሰር ስላልከፈለው አማካሪ ብትቀይሪም አብሮሽ ይሄዳል። የማስተማር ረዳትነት የትምህርት ክፍሉ ነው። የሳምንት እስከ 20 ሰዓት ጉልበትሽን ይወስዳል፣ በምትኩ ከፕሮፌሰሩ ኪስ ነፃ ያወጣሻል፤ ፈንድ ሲደርቅ የሚታደግሽም እሱ ነው። የምርምር ረዳትነት ደግሞ ፕሮፌሰሩ ተወዳድሮ ያመጣው ግራንት፣ ማለትም የምርምር ገንዘብ፣ ነው። ከዚያ ግራንት የሚወጣው የወር አበልሽ ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ክፍያሽ፣ የጤና መድን፣ በላዩም ዩኒቨርሲቲው ለራሱ የሚቆርጠው የአስተዳደር ወጪ አለ። ስለዚህ አንድ ተማሪ ለፕሮፌሰሩ ከምትቀበለው በብዙ የሚበልጥ ዋጋ አላት። ይህን ማወቅሽ «ገንዘቡ እስከ መቼ ነው?» ብለሽ ስትጠይቂ እንዳታፍሪ ይረዳሻል። ፕሮፌሰሩ ራሱ ሌት ተቀን የሚያስበው ጥያቄ ነው።

አሁን ደብዳቤዎችሽን በዚህ ዓይን እንያቸው።

የመጀመሪያው የ1 ዓመት ፌሎሺፕ ነው። ጥሩ ስጦታ ነው፤ አማካሪሽን አይተሽ እንድትመርጪ ጊዜ ይሰጥሻል። ዶክትሬቱ ግን በአሜሪካ 5 እና 6 ዓመት ይፈጃል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ስላለው ደብዳቤው ምን እንደሚል ቃል በቃል አንብቢው። «ድጋፍ እንሰጣለን» እና «ድጋፍ እንደሚገኝ ይጠበቃል» የሚሉት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ግዴታ ሲሆን ሁለተኛው ተስፋ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ቁጥር ነው። ከአንቺ ጋር በዚህ ዓመት በኃይል ዘርፍ የተቀበሏቸው ያለ አማካሪ የሚመጡ ተማሪዎች ስንት ናቸው? እነሱን ሊወስዱ የሚችሉ ፕሮፌሰሮችስ? ስመ ጥር የሆኑ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ክፍሎች በቺፕ ዲዛይን፣ በማሽን ለርኒንግና በኮሙኒኬሽን ተጨናንቀው በፓወር ኤሌክትሮኒክስ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ሊኖራቸው ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ጡረታ የቀረበ ወይም ኩባንያ መሥርቶ የወጣ ከሆነ ምርጫሽ ወደ አንድ ይወርዳል። ያ አንድ ሰው በዚያ ዓመት ተማሪ ካልወሰደ፣ ዝነኛው ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ያልፈለግሽውን ዘርፍ ስትማሪ ልትገኚ ነው። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ተማሪዋ ጎበዝ ስለነበረች ተመርቃለች፣ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ ግን ቀርቶባታል።

የዘርፍ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተለያዩ መሆናቸውን ላሳይሽ። በእኛ ዘርፍ ውስጥ ያለ ሰው ቨርጂኒያ ቴክ ሲባል ሲፒኢኤስ የተባለውን የምርምር ማዕከል ያስባል፤ ከ1998 እስከ 2008 የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የምህንድስና ምርምር ማዕከል አድርጎ ይደግፈው የነበረውን። ዊስኮንሲን ማዲሰን ሲባል በ1981 የተቋቋመውን ዌምፔክ የተባለ የምርምር ጥምረት ያስባል። የዴንማርኩን ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መንገድ ላይ ያገኘሽውን ሰው ብትጠይቂ ግን የት አገር እንዳለ ላይነግርሽ ይችላል። ኢንቨርተር የሚሠራ ኩባንያ ሲቀጥር የሚጠይቀው ከየትኛው ላብ (ላቦራቶሪ) እንደወጣሽና ምን ሠርተሽ እንዳስነሳሽ ነው። ስለዚህ የደረጃ ሰንጠረዡን ዝጊና አፔክና ኤክሴ በሚባሉት የዘርፉ ኮንፈረንሶች እንዲሁም የመሐንዲሶች ማኅበር በሆነው በአይትሪፕልኢ የፓወር ኤሌክትሮኒክስ ጆርናል ላይ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ፈልጊ። ከሦስቱ ቦታዎች የማን ስም ይደጋገማል? የጽሑፉ የመጀመሪያ ደራሲ ተማሪ ነው ወይስ ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ? ተማሪዎቹ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን በስንተኛው ዓመት አወጡ? አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሻል፤ ከየትኛውም ሰንጠረዥ በላይ ይነግርሻል።

ሁለተኛው ቅበላ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ትልቁ ዕድልም ትልቁ አደጋም ያለው እዚያ ስለሆነ።

ረዳት ፕሮፌሰር ማለት ቴንዩር፣ ማለትም ቋሚ የመምህርነት ቦታ፣ ገና ያላገኙ ማለት ነው። ውሳኔው ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ዓመታቸው አካባቢ ይመጣል። ካገኙ ይቆያሉ፤ ካላገኙ አንድ የመሰናበቻ ዓመት ተሰጥቷቸው ይሄዳሉ። እሳቸው ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመታቸው ከሆነ ያንቺ አራተኛ ዓመት ላይ ይወሰንላቸዋል ማለት ነው። አምስተኛ ዓመታቸው ከሆነ ደግሞ ገና ኮርስ ሳትጨርሺ ዕጣቸው ይታወቃል። ለአንቺ ከሁሉም የሚመቸው የሦስተኛ ዓመት ግምገማቸውን በደህና ያለፉ ሆነው ብታገኚያቸው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ያልኩሽ እዚህ ጋ ይጀምራሉ። አንደኛው ይህ ነው፦ ስንተኛ ዓመትዎ ነው፣ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ቢቀይሩ ተማሪዎችዎ ምን ይሆናሉ? ጥያቄው ድፍረት ይመስላል፤ ግን ልምድ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው። የሚቆጡ ከሆነም ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ግራንቱ ነው፦ ከማን ነው፣ መቼ ተጀመረ፣ መቼ ያልቃል? የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የተለመደው ግራንት ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ነው። ለጀማሪ ፕሮፌሰሮች የሚሰጠው ኬሪየር የሚባለው ደግሞ 5 ዓመት። በኬሪየር ግራንት የመጀመሪያ ዓመት ላይ ከገባሽ ተኝተሽ ማደር ትችያለሽ። ከ3 ዓመቱ አንዱ የተበላ ግራንት ከሆነ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶሻል፤ ቀሪውን የትምህርት ክፍሉ በማስተማር ረዳትነት ይሸፍን እንደሆነ ከድኅረ ምረቃ አስተባባሪው ጠይቂ፣ ከፕሮፌሰሯ አይደለም። የገንዘቡ ምንጭ ኩባንያ ከሆነ ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ሊሆን ይችላል። አንድ ልዩ ጉዳይ ደግሞ አለ። ምንጩ ከመከላከያ ጋር የተያያዘ ከሆነ ፕሮጀክቱ በአሜሪካ የኤክስፖርት ቁጥጥር ሕግ ሥር ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የውጭ ዜጋ ያለ መንግሥት ፈቃድ ውሂቡን እንዲያይ እንኳ አይፈቀድለትም። የመኪና ቻርጀር የዚህ ዓይነት ነገር አይመስልም፤ ግን ተመሳሳይ ኮንቨርተር ለአውሮፕላንም ለመርከብም ይሠራል፣ ቀጣዩ ግራንታቸው ከዚያ ወገን ሊመጣ ይችላል። «የእርስዎ ላብ ፕሮጀክቶች ለውጭ ዜጎች ክፍት ናቸው?» ብሎ አንድ መስመር መጨመር ነው።

እነዚህ ሁለቱ በደንብ ከተመለሱ ሁለተኛውን ቅበላ ለምን ከሦስተኛው አስበልጠዋለሁ? ወጣት ፕሮፌሰር እንደ አንቺው ጽሑፍ ያስፈልጋታል። ሰርኪዩቱ ሲቃጠል አጠገብሽ ቆማ ኦሲሎስኮፑን (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) የምታየው እሷ ናት። ዘንድሮ ሃያ ተማሪ ባለው ትልቅ ላብ ፕሮፌሰሩን በሁለት ሳምንት አንዴ ብታገኚ እድለኛ ነሽ። በተጨማሪም የዶክትሬቱ ጊዜ ሰፋ ስላለ፣ ከመጀመሪያው ፕሮጀክት ወጥተሽ የራስሽን ጥያቄ የምታነሺበት ዓመት ታገኛለሽ። ኢንዱስትሪ ለሚሄድ ሰው ይህ ብዙም ላይቆጠር ይችላል፤ ማስተማር ለሚያስብ ግን ዋና ነገር ነው።

የላቡን ዕቃ አትርሺ። በስክሪን ሆነው ላቡን እንዲያስጎበኙሽ ጠይቂ፤ ማንም አይከለክልሽም። በሲሊኮን ካርባይድና በጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተሮች የሚሠራ ሰው ፈጣን ኦሲሎስኮፕ፣ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሆኑ ዲፈረንሻል ፕሮቦች፣ የደብል ፐልስ መፈተሻ፣ ጭነት የሚተካ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ከዚህም በላይ ስለ ኤሌክትሪክ ደኅንነት ኃላፊነት ያለበት ቴክኒሺያን አለ ወይ? የለም ከተባለ የመጀመሪያ ዓመትሽ ላብ በመገንባት ያልፋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን አውቀሽ ግቢ።

ወደ ሦስተኛው እንለፍ። በኔዘርላንድስ እንዲህ ያለ የዶክትሬት ቦታ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኝነት ነው። የትምህርት ክፍያ የለብሽም፤ በዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ ስምምነት መሠረት በየዓመቱ ከፍ የሚል ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ክፍያ ያለው ዕረፍት አለሽ። ከወር ደመወዙ ሌላ 8 በመቶ የዕረፍት አበልና 8.3 በመቶ የዓመት መጨረሻ ክፍያ ስላለ፣ የወሩን ቁጥር በ12 ብቻ አባዝተሽ ከአሜሪካው ጋር አታወዳድሪ። ግብርም እንደሚቆረጥበት አስቢ። የአሜሪካዎቹ ላይ ደግሞ አበሉ ለ9 ወር ነው ወይስ ለ12፣ ክረምቱን ማን ይከፍላል፣ ከትምህርት ክፍያ ነፃ ብትሆኚም ልዩ ልዩ እየተባሉ የሚጠየቁ ክፍያዎች ምን ያህል ናቸው የሚለውን ጠይቂ። ኤምአይቲ በነፃ ያወጣው የኑሮ ወጪ ማስያ በየአሜሪካ አውራጃው አንድ ሰው ለመኖር ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ያሳያል። ትልቁ አበል በውድ ከተማ ውስጥ ከትንሹ አንሶ ሊገኝ ይችላል።

የ4 ዓመቱ ውል ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ለ1 ዓመት ወይም ለ1 ዓመት ተኩል ይፈረምና ከግምገማ በኋላ ይራዘማል። በዚያ ግምገማ ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ወደቀ ብለሽ ጠይቂ። ማስተርስ ስላለሽ ኮርሱ ጥቂት ነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ምርምር ትጀምሪያለሽ። አሜሪካ ብትሄጂ የማስተርስ ክሬዲትሽን ካልቆጠሩልሽ ኮርስና የብቃት ፈተና ከ1 እስከ 2 ዓመት ይወስዱብሻል። በነገራችን ላይ በኔዘርላንድስ የመመረቂያ ጽሑፉን መከላከል እንደ ሥነ ሥርዓት ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ገብቶ «ሆራ ኤስት» (በላቲን «ሰዓቱ ደርሷል») ይላል፣ ጥያቄውም ያበቃል። እውነተኛው ፍርድ ከዚያ በፊት ኮሚቴው ጽሑፉን ሲያጸድቅ አልቋል። ስለዚህ ጽሑፉ ለኮሚቴ የሚቀርበው ውሉ ሳያልቅ ነው ወይስ ካለቀ በኋላ ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙ ሰው ያለ ደመወዝ የሚጽፈው የመጨረሻዎቹን ወራት ነውና።

የዚህ ቅበላ ደካማ ጎን ርዕሱ ታስሮ መምጣቱ ነው። ኩባንያው የሚፈልገው ነገር አለ። ርዕሱን ካልወደድሽው መቀየር ማለት ሥራ መልቀቅ ነው። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፦ ኩባንያው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለማየት ስንት ቀን ይወስዳል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል ወይ፣ ፕሮሞተርሽ (ዶክትሬትሽን በኃላፊነት የሚመራው ፕሮፌሰር) ሌላ ሰው ከሆነ በየሳምንቱ የሚያይሽ አማካሪ ማን ነው። ጽሑፍሽን ለዓመት የሚይዝ ኩባንያ ከሆነ ወደ ማስተማር የመሄድ ዕድልሽን ይዘጋዋል። የአንድ ወይም የሁለት ወር ማጣሪያ ግን የተለመደ ነው፣ አያስጨንቅሽ።

ከምርቃት በኋላ ስለ መቆየት ብዙ አልልም፤ ሕጉ ስለሚቀያየር ከመፈረምሽ በፊት የወቅቱን መመሪያ ተመልከቺ። እስካሁን በሚሠራበት፣ አሜሪካ በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ የጨረሰ የምህንድስና ተመራቂ 12 ወር፣ በላዩም 24 ወር የሥራ ልምምድ ጊዜ አለው። ኔዘርላንድስ ደግሞ ሥራ መፈለጊያ የ1 ዓመት ፈቃድ ትሰጣለች።

ስለ ሰዎቹ ከሰዎቹ ስሚ። በላቡ ያሉ ተማሪዎችን «ፕሮፌሰሩ ጥሩ ናቸው?» ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም «በጣም ጥሩ ናቸው» ይሉሻል። ሌላ ምን ይበሉ። «ለመጨረሻ ጊዜ በሐሳብ ስትለያዩ እንዴት ተፈታ?»፣ «ሙከራው ለወራት አልሠራ ሲል ምን አደረጉ?»፣ «ጽሑፉ ደርሷል የሚለው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ሳይጨርሱ የወጡትን ፈልጊ። ላቡ በድረ ገጹ የሚያስቀምጠው የተመረቁትን ነው። የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ የላቡን የሰዎች ገጽ ከ3 እና ከ4 ዓመት በፊት እንደነበረው ክፈቺ፤ ያኔ ተማሪ ተብሎ ተዘርዝሮ ዛሬ ከተማሪዎቹም ከተመራቂዎቹም ውስጥ የሌለ ስም ካለ እሱን አግኚው። አንድ ሰው መውጣቱ ምንም ማለት አይደለም፤ ሕይወት ነው። ሦስትና አራት ሰው በተከታታይ ከወጣ ግን ለምን እንደሆነ ሳታውቂ አትፈርሚ። ረዳት ፕሮፌሰሯ ገና ተማሪ ካላስመረቁ፣ ራሳቸው ዶክትሬታቸውን የሠሩበትን ላብ እዪ፤ ሰው የሚያማክረው ብዙውን ጊዜ እንደተማከረው ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቦችሽ ነጥብ። ስም አይሠራም ማለት ውሸት ነው። በ2022 ኔቸር በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው በአሜሪካ ዶክትሬታቸውን ይዘው እዚያው ከሚያስተምሩ መምህራን 80 በመቶው የተገኙት ከ20 በመቶ ገደማ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። መምህርነትን አጥብቀሽ ብትፈልጊ ኖሮ ይህ ቁጥር ምክሬን ያናውጠው ነበር። ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው ተመርቀው መምህር ስለሆኑት ነው፤ ገብተው አማካሪ ስላላገኙት ዝም ይላል። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥሩ አማካሪ በጽሑፍ ካገኘሽ ስሙ የተጨመረ ሀብት ነው። ለዚህ ነው በሩን ጨርሼ ያልዘጋሁት።

ስለ ቀኑ። ኤፕሪል 15 በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ ያለበትን ቅበላ ከዚያ ቀን በፊት እንድትመልሺ ሊያስገድዱሽ አይገባም። የኔዘርላንድሱ በዚህ አይታሰርም፤ በሁለት ሳምንት መልስ ሊፈልግ ይችላል። ዛሬውኑ ጻፊላቸውና ቁርጥ ያለ ቀን ጠይቂ፤ «ትንሽ ጊዜ» አትበዪ፣ ቀኑን ጥቀሺ። በዚያው ቀን ለረዳት ፕሮፌሰሯ ሁለቱን ጥያቄዎች፣ ለዝነኛው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፓወር ኤሌክትሮኒክስ ላሉት ፕሮፌሰሮች በቀጥታ «በዚህ መኸር ተማሪ ይወስዳሉ? ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሊደግፉኝ ይችላሉ?» ብለሽ ላኪ። መልስ የዘገየብሽ እንደሆነ በሳምንቱ አንዴ አስታውሺ። ሁለተኛ አስታውሰሽ ዝም ካሉሽ፣ ተማሪያቸው ሆነሽ ኢሜይል ብትልኪላቸውም መልሱ ያው እንደሚሆን ገምቺ።

ከወሰንሽ በኋላ ለማትሄጂባቸው ሁለቱ በዚያው ቀን ጻፊ፤ ቦታውን በተጠባባቂነት የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ገንዘቡም ለሌላ ተማሪ ይሆናል። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ምስጋና፣ ውሳኔሽ፣ የምትሄጂበት ቦታ። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ዘርፋችን ጠባብ ነው፤ ያልመረጥሻት ፕሮፌሰር ከ2 ዓመት በኋላ ጽሑፍሽን የምትገመግም ልትሆን ትችላለች።